ጥያቄና መልስ፦ የቆየው ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ ይሻገር?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ አንድ ጉዳይ ስለሚያነሡ አብረን አቅርበናቸዋል። ሦስቱም ጠያቂዎች ከብዙ ዓመታት በፊት ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በእጃቸው አለ፤ ፕሮግራሙ ዛሬም ሥራውን ይሠራል፤ በዙሪያው ያሉት ኮምፒውተሮች ግን ተለውጠዋል።

ጥያቄ አንድ (ከባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። በ1995 ዓ.ም. ለአንድ የመምህራን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላትን ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ቪዥዋል ቤዚክ 6 በተባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ጽፌ ነበር። መረጃው የተቀመጠው አክሰስ በተባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፋይል ሲሆን የአባላቱ ስም የተጻፈው በዚያን ጊዜ ከነበሩት የግዕዝ ፎንቶች በአንዱ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ ከማኅበሩ ስድስት ኮምፒውተሮች አራቱ ዊንዶውስ 11ን ስለማይቀበሉ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ጫንንባቸው፤ ሒሳብ ሹሟ ደግሞ የራሳቸውን ማክ ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ በሦስቱም ላይ በሚሠራ ቋንቋ እንደገና ልጽፈው አስቤአለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ኤሌክትሮን ወይም ፍላተር የተባሉትን የፕሮግራም መሥሪያዎች ይላል፤ አንድ ወዳጄ ጃቫ ይሻላል ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ፓይተን መማር ጀምሬአለሁ። አሮጌውን ጥዬ ከዜሮ ልጀምር? የትኛውንስ ቋንቋ ትመክሩኛላችሁ?

መልስ

ውድ ወንድማችን፣ ከዜሮ አይጀምሩ። ሃያ ዓመት ያገለገለ የሒሳብ ፕሮግራም የማኅበሩ ደንብ መዝገብ ሆኗል፤ ጠቅላላ ጉባኤው በየጊዜው ያሻሻለው የወለድ መጠን፣ አባል ሲሞት ዕጣው ለወራሽ የሚተላለፍበት አሠራር፣ ብድሩን ቀድሞ ለሚከፍል ሰው የሚቀነስለት ወለድ፣ ይህ ሁሉ በተሟላ ሁኔታ ተጽፎ የሚገኘው ምናልባት በእርስዎ ኮድ ውስጥ ብቻ ነው። ትልልቆቹም በዚህ ተጎድተዋል፤ የኔትስኬፕ ድር ማሰሻ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 መገባደጃ አሮጌውን ኮድ ትተው እንደ አዲስ ለመጻፍ ሲወስኑ ቀጣዩ ዋና ሥሪት፣ ኔትስኬፕ 6፣ ለተጠቃሚ የደረሰው በ2000 መጨረሻ አካባቢ ነበር፤ እስከዚያው ድረስ ገበያው ወደ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አዘንብሎ ነበር።

እኔም በዚህ ጉዳይ የከፈልኩበት ትምህርት አለኝ። ከዓመታት በፊት የእርስዎን ማኅበር ለሚመስል ድርጅት አንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ቋንቋ ሳሻግር፣ በወለድ ማስያው መካከል «ወሩ 13 ከሆነ 12 በል» የምትል መስመር አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ስህተት ለመሸፈን ያስገባት መስላኝ ሰረዝኳት። ጳጉሜን ደርሶ የወለድ ዝርዝር ሲወጣ አዲሱ ፕሮግራም አምስቷን ቀን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሮ ለቆጣቢው ሁሉ የአሥራ ሦስት ወር ወለድ አሰበ። ስህተቱን ያገኙት ሒሳብ ሹሙ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ያቺ መስመር የድርጅቱ ደንብ ነበረች፤ የጳጉሜን ቀናት ከነሐሴ ጋር ተደምረው ይታሰባሉ የሚል፣ በሌላ በየትም ቦታ ያልተጻፈ ደንብ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ምክንያቱን ያላወቅኩትን መስመር ሰርዤ አላውቅም፤ እርስዎንም የምለምነው ይህንኑ ነው።

ተቻኩለው የሚወስኑበት ምክንያትም የለም። ማይክሮሶፍት ለቪዥዋል ቤዚክ 6 መጻፊያ መሣሪያ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2008 አቁሟል፤ በዚህ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ክፍል ግን በዊንዶውስ 11 ላይም ይሠራል። ስለዚህ ዊንዶውስ የቀረላቸው ሁለቱ ኮምፒውተሮች አሮጌውን ፕሮግራም ለጊዜው ይሸከሙት። በኡቡንቱዎቹ ላይ ዋይን የተባለውን፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬድና ከ1993 ጀምሮ ሲገነባ የቆየ ነጻ ሶፍትዌር ጭነው መሞከር ይችላሉ፤ ቪዥዋል ቤዚክ 6 ብዙ ጊዜ በዋይን ውስጥ ይነሣል፤ የሚያስቸግረው አክሰስን የሚያነበው ሞተርና የሪፖርት ማውጫው ነው። ቢሠራልዎ እንኳ በዋይን በኩል ሒሳብ ማየት እንጂ መመዝገብ አይፍቀዱ፤ አንድን የአክሰስ ፋይል ከተለያየ ሲስተም በጋራ መጻፍ ፋይሉን ለብልሽት ያጋልጠዋል።

ዝውውሩን የሚጀምሩት ደግሞ ከአሮጌው ቋንቋ ሳይወጡ ነው። ቪዥዋል ቤዚክ 6ን በፍቅር የያዝነው ሁላችን የሠራነው አንድ ጥፋት አለ፤ ስሌቱን በአዝራሩ ሥር እንጽፋለን። «አስላ» የሚለውን አዝራር ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉ የሚከፈተው ገጽ ውስጥ ከሳጥኑ ቁጥር የሚያነበው፣ ወለዱን የሚያሰላው፣ ወደ ዳታቤዝ የሚጽፈውና መልእክት የሚያሳየው ኮድ ተደባልቆ ይገኛል። ከዚያ ውስጥ ስሌቱን ብቻ ነጥለው ወደ ሞጁል ያውጡት፤ መነሻ ገንዘብ፣ መጠንና ቀን ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ፣ ስለ መስኮት ምንም የማያውቅ ፈንክሽን ይሁን። ይህን ለወለድ፣ ለቅጣት፣ ለትርፍ ድልድልና ለብድር ጣሪያ ሲያደርጉ የፕሮግራሙ ዋና ሀብት ከዊንዶውስ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ቋንቋ ቢመረጥ የሚሻገረው ጥርት ያለ ነገር ነው፤ መስኮቱ እንደሆነ በየትም ይሠራል።

እዚህ ላይ ሳይቸኩሉ እንዲመለከቱት የምፈልገው የሳንቲሙ ነገር ነው። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ውስጥ «ራውንድ» የሚለው ፈንክሽን 2.5ን ወደ 2፣ 3.5ን ወደ 4 ያጠጋጋል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ጎረቤቱ ሙሉ ቁጥር (ጥንድ ወደሆነው) ይሄዳል። በዚያው ቋንቋ ውስጥ ያለው «ፎርማት» ግን 2.5ን 3 አድርጎ ያሳያል። ሲ ሻርፕ የተባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋና አዲሱ ፓይተን በነባሪ አሠራራቸው እንደ «ራውንድ» ወደ ጥንዱ ይሄዳሉ፤ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ግን በተለመደው የማጠጋጊያ ፈንክሽናቸው 2.5ን 3 ይሉታል። ሌላም አለ፤ ቪዥዋል ቤዚክ 6 ለገንዘብ የሚጠቀምበት «ከረንሲ» የተባለው ዓይነት ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ብቻ ይይዛል፤ የሲ ሻርፕ «ዴሲማል» ግን እስከ 28 አኃዝ ስለሚይዝ በመካከለኛው ስሌት ላይ አሮጌው የቆረጠውን አዲሱ ይዞት ይቀጥላል፤ በዓመቱ መጨረሻ የሁለቱ ድምር በሳንቲም ይለያያል። የማኅበሩ አባል ደብተሩ ላይ ትናንት ከነበረው አንድ ሳንቲም ጎድሎ ሲያይ የሚጠይቀው ስለ ቋንቋ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስሌት የት እንደሚቆረጥና የት እንደሚጠጋጋ በአሮጌው ኮድ አይተው፣ በአዲሱ ላይ በግልጽ ይጻፉት እንጂ ለቋንቋው ልማድ አይተዉት። አንድ የዘነጋነውን ላክል፤ የቪዥዋል ቤዚክ 6 «ኢንቲጀር» 16 ቢት ነው፤ በሲ ሻርፕ ግን ተመሳሳዩ ዓይነት 32 ቢት ነው፤ በቀጥታ ወደ ፋይል የሚጽፍ ኮድ ካለዎት ይህ ያምታታል።

የቀን ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሲ ሻርፕ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት መድረክ፣ ዶት ኔት፣ የዕብራውያን፣ የፋርስና የሂጅራ ካላንደሮችን ይዞ ሲመጣ የእኛን አልያዘም። ለጃቫ አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካላንደር ይዟል፤ ጃቫስክሪፕትም ቀንን በእኛ አቆጣጠር አድርጎ ማሳየት ይችላል። በሲ ሻርፕ ለመጻፍ ከወሰኑ ግን ስሌቱ ከአሥር መስመር አይበልጥም፦ ከዓመቱ አንድ ቀንሰው በ365 ያባዙት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን በመተው የሚገኘውን ይደምሩ፤ ከወሩ አንድ ቀንሰው በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ ቀኑን ይደምሩ። በዚህ ላይ 1,724,220 ሲጨምሩ የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚጠቀሙበትን የጁልያን ቀን ቁጥር ያገኛሉ፤ ከዚያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሄድ ቀላል ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 2,460,200 ይመጣል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ፕሮግራምዎን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ላይ ሳይፈትኑ አያስረክቡ።

አሁን ወደ ቋንቋው። ለእርስዎ የምመርጠው ሲ ሻርፕን ነው፤ መስኮቶቹን ደግሞ አቫሎኒያ በተባለው መሣሪያ እንዲሠሯቸው እመክራለሁ። ዶት ኔት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ይሠራል፤ ለገንዘብ የሚሆን የአሥርዮሽ ቁጥር ዓይነት በቋንቋው ውስጥ አለው፤ እርስዎ የለመዱት አዝራር ሲነካ ኮድ የሚነሣበት አሠራርም በዚያው አለ። በቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔት የተጻፈ ላይብረሪ ከሲ ሻርፕ ጋር አብሮ ስለሚሠራ፣ ነጥለው ያወጧቸውን ሞጁሎች መስመር በመስመር ወደዚያ አሻግረው፣ ሲ ሻርፕን ለመስኮቶቹ ብቻ መጀመር ይችላሉ። ማይክሮሶፍት በ2020 ለቪዥዋል ቤዚክ አዲስ የቋንቋ ባሕርይ እንደማይጨምር ማስታወቁ እውነት ነው፤ ለወለድ ስሌት ግን አዲስ ባሕርይ አያስፈልግም። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ «ዊንዶውስ ፎርምስ» እና «ደብሊውፒኤፍ» የተባሉት የመስኮት መሥሪያዎች በዶት ኔት ቢጻፉም የሚሠሩት በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ «ማዊ» የሚባለውም ሊኑክስን በይፋ አይደግፍም። ብዙ ሰው ዶት ኔት ሁሉ ቦታ ይሠራል ሲባል ሰምቶ በእነዚህ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ይደነግጣል።

ወዳጅዎ ስለ ጃቫ የነገሩዎት መልካም ምክር ነው፤ የጃቫ የመስኮት መሥሪያ ስዊንግ ከ1998 ጀምሮ በሦስቱም ሲስተሞች ሲሠራ ኖሯል፤ ጃቫን አስቀድመው የሚያውቁ ቢሆኑ ኖሮ እኔም እሱኑ እል ነበር። ኤሌክትሮንን በተመለከተ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን የመሰለ ጥሩ መሣሪያ ስለተሠራበት አልንቀውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ሙሉ የክሮሚየም ማሰሻ ተሸክሞ ስለሚነሣ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም ላቃታቸው ኮምፒውተሮች ይከብዳል፤ ጃቫስክሪፕትም ለገንዘብ የሚሆን የአሥርዮሽ ዓይነት በውስጡ የለውም። ፍላተር ከሜይ 2022 ጀምሮ ሦስቱንም ሲስተሞች በሙሉ ይደግፋል፤ ሆኖም መነሻው ስልክ ነው፤ ብዙ ሠንጠረዥና ብዙ ኅትመት ላለበት የሒሳብ ሥራ ገና የበሰለ አይመስለኝም። የጀመሩት ፓይተን ከንቱ አይሆንም፤ ቀጥሎ ለማነሣው ሥራ ከእሱ የተሻለ የለም።

ያም ሥራ የአማርኛውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ማሻገር ነው፤ ከቋንቋው ምርጫ ይልቅ ብዙ ቀን የሚወስድብዎም እሱ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሥሪት 3.0 ሲሆን፣ የቪዥዋል ቤዚክ 6 መስኮቶች ግን ዩኒኮድን አያሳዩም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሁላችንም ያደረግነው ላቲኑን ፊደል በግዕዝ ቅርጽ ማልበስ ነበር። ዳታቤዝዎ ውስጥ «አበበ» ተብሎ የተጻፈ ነገር የለም፤ የተቀመጠው ላቲን ፊደል ነው፤ በመስኮቱ ላይ ፎንቱ ስለሚያለብሰው «አበበ» መስሎ ይታያል። የቆዩ ሰነዶችን ጽሑፍ ገልብጦ ሌላ ቦታ የለጠፈ ሰው የሚያየው ድብልቅልቅ ከዚህ የመጣ ነው። በ256 ቦታ ውስጥ ከ230 በላይ ፊደላትን ከቁጥርና ከሥርዓተ ነጥብ ጋር ማስገባት ስለማይቻል ብዙዎቹ ፎንቶች አንዳንዱን ፊደል ከሁለት ምልክት ያቀናጁት ነበር፤ አንዱ አካሉን፣ ሌላው ቅጥያውን ይይዛል። መቀየሪያዎን ሲጽፉ ረጅሙን ቅንጅት አስቀድሞ እንዲፈልግ ያድርጉት፤ አለበለዚያ አካሉን ብቻ ቀይሮ ቅጥያውን ባዶ ሜዳ ላይ ይተወዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው። ዳታቤዙ የትኛው መስክ በግዕዝ ፎንት እንደተጻፈ አያውቅም፤ ያንን የሚያውቀው መስኮቱ ላይ ያለው ሳጥን ብቻ ነው። የመታወቂያ ቁጥሩና የባንክ ሒሳቡ እውነተኛ ላቲን ስለሆነ በአንድ ላይ ከቀየሩት የማይነበብ ፊደል ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎርም ከፍተው የትኛው ሳጥን የትኛውን ፎንት እንደያዘ በወረቀት ይመዝግቡ፤ «ማስታወሻ» የሚል መስክ ካለ ደግሞ ሁለቱ ተቀላቅለው ስለሚገኙ በዓይን ማየት ግድ ነው። የተቀየሩትን ስሞች ሙሉ ዝርዝር አትመው ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጧቸው፤ አባላቱን በስም የሚያውቅ ሰው ፕሮግራም የማያገኘውን ስህተት በአንድ እይታ ያገኛል።

አንዴ ዩኒኮድ ከሆነ ግን ብዙ ነገር ይቀላል። ፊደላችን እንደ ዐረብኛው በቃል ውስጥ ቅርጹን ስለማይለዋውጥ ፎንት ከመኖሩ በቀር ሌላ አይጠይቅም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ ከፕሮግራሙ ጋር ለማከፋፈል ነጻ ፈቃድ ስላላቸው አንዱን አብረው ያሽጉት፤ ለመጻፊያ ኪይማን በሦስቱም ሲስተሞች ላይ ይሠራል። ፍለጋው ላይ ግን አንድ ሥራ ይጨምሩ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት ስም ናቸው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይም» እንዲሁ። የአባሉን ስም ራሱ እንደጻፈው ሳይነኩ ይተዉትና በአጠገቡ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ሁለተኛ መስክ ፈጥረው ፍለጋውን በእሱ ያድርጉ። ሰው በገዛ ስሙ አጻጻፍ ላይ ፕሮግራም ሊያርመው አይገባም።

ዳታውን ከአክሰስ ወደ ፖስትግሬስ፣ ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንዴ ወደሚያስተናግደው ዳታቤዝ፣ ይውሰዱት፤ ስድስት ኮምፒውተር በጋራ ስለሚጽፍበት በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ዳታቤዝ ኤስኪውላይት በጋራ ፎልደር ላይ ለዚህ አይሆንም። የቁጠባ ደብተሩን የሚያትመውን ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከኡቡንቱ ላይ አንድ መስመር በማተም ይፈትኑት፤ ብዙ ዝውውር ተጠናቆ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻም አሮጌውና አዲሱ ቢያንስ አንድ ሩብ ዓመት ጎን ለጎን ይሂዱ። ያለፈውን ዓመት እንቅስቃሴ በሙሉ በአዲሱ ላይ እንደገና አስልተው የእያንዳንዱን አባል ቀሪ ሒሳብ ከአሮጌው ጋር ያነጻጽሩ፤ ልዩነት ያለው አባል ቁጥር ዜሮ እስኪሆን ድረስ የማኅበሩ ሕጋዊ መዝገብ አሮጌው ይሁን።

ጥያቄ ሁለት (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

እዚህ ያለው እድራችን የአባላት መዝገብና የወር መዋጮ የሚያዘው ዴልፊ 7 በተባለው የፓስካል ቋንቋ መሥሪያ በተጻፈ ፕሮግራም ነው። ኮዱ በእጄ አለ። አዲሶቹ የእድሩ ጸሐፊዎች ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም ማክ ነው የሚጠቀሙት። እስካሁን ስም የምንመዘግበው በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር፤ አሁን በአማርኛ ይሁን ተብሏል። እኔም ወደ ሲ ሻርፕ ልዙር?

መልስ

እርስዎ አይዙሩ። ከላይ ለባሕር ዳሩ ጠያቂ ሲ ሻርፕን የመረጥኩት ከመጡበት ቋንቋ የቀረበው መንገድ እሱ ስለሆነ ነው፤ የእርስዎ ቅርብ መንገድ ላዛረስ ነው። ላዛረስ በፍሪ ፓስካል ኮምፓይለር (የፓስካልን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚቀይር መሣሪያ) ላይ ከ1999 ጀምሮ የተገነባ ነጻ መሣሪያ ሲሆን፣ የዴልፊን ፕሮጀክት ተቀብሎ ፎርሞቹንና ኮዱን የሚቀይር መሣሪያ በራሱ ውስጥ አለው፤ ሲከፍቱት ገጽታው ራሱ ቤትዎ የገቡ ያህል ይሰማዎታል። አዲሱ ዴልፊም ማክ ላይ ያደርሳል፤ ነገር ግን መስኮቶቹን ፋየርመንኪ በተባለው የዴልፊ ሌላ የመስኮት መሥሪያ እንደገና መሥራት ይጠይቃል። (ዴልፊን የነደፈው አንደርስ ሄልስበርግ በኋላ ማይክሮሶፍት ገብቶ ሲ ሻርፕን የነደፈው ሰው መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ቢዞሩም ቢቀሩም ከአንድ እጅ አይወጡም።) ፍሪ ፓስካል ከ3.2.2 ጀምሮ ለአዲሶቹ የአፕል ፕሮሰሰሮችም በቀጥታ ያዘጋጃል።

ጥንቃቄ የሚሻው አማርኛው ነው። የዚያ ዘመን የዴልፊ ፕሮግራሞች መዝገብ የሚያስቀምጡት ብዙ ጊዜ ርዝመቱ በተወሰነ የጽሑፍ መስክ ነበር፤ የእርስዎም ለስም 30 ባይት የሚል ከሆነ እስካሁን በቂ ነበር። የላዛረስ መስኮቶች ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የዩኒኮድ አጻጻፍ ስለሚጠቀሙ አማርኛን ያለ ምንም ችግር ያሳያሉ፤ በዚህ አጻጻፍ ግን አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ወለተ ማርያም ኃይለ ሚካኤል» የሚለውን ስም እንውሰድ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ 26 ቦታ ይይዝና በ30ው ውስጥ ያርፋል፤ በአማርኛ ግን 14 ፊደልና 3 ክፍት ቦታ ሆኖ 45 ባይት ይሆናል። በ30 ባይት ሲቆረጥ «ወለተ ማርያም ኃይ» ድረስ 29 ባይት ይሄድና የመጨረሻው ባይት «ለ»ን ጀምሮ ሳይጨርሳት ይቀራል፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው የተሰበረ ምልክት ነው። ጸሐፊው ስሙን በትክክል ጽፎ «መዝግብ» ብሎ ነገ ሲከፍተው የሚያገኘው ይህን ይሆናል።

ስለዚህ አሮጌውን የመዝገብ ፋይል በአዲሱ ፕሮግራም በቀጥታ ለማንበብ አይሞክሩ፤ የመስኮቹ አደራደር በሁለቱ ኮምፓይለሮች ሊለያይ ይችላል። ዴልፊ 7 አሁንም የሚነሣበት ኮምፒውተር ካለዎት፣ መዝገቡን እያነበበ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም በዚያው ይጻፉ፤ ላዛረስ ያንን ተቀብሎ ወደ ኤስኪውላይት ያስገባው። በአንድ ሰው እጅ ለሚያዝ የእድር መዝገብ ኤስኪውላይት ከበቂ በላይ ነው፤ ፋይሉ አንድ ስለሆነም ጸሐፊው ሲቀየር ርክክቡ ይቀላል። ስሞቹን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በፕሮግራም ለመገልበጥ ግን አያስቡ፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ «ጸ»ን ከ«ፀ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» አይለይም። በወር ስብሰባ ላይ ወረቀት ያዙሩና እያንዳንዱ አባል ስሙን በገዛ እጁ ይጻፍ። ፕሮግራሙን በማክ ላይ ሲያሠራጩ ፊርማ ስለሌለው ሲስተሙ መጀመሪያ ላይ አልከፍትም ማለቱ አይቀርም፤ ጸሐፊዎቹ በሴቲንግ ገብተው እንዲፈቅዱለት አስቀድመው ያሳዩአቸው።

ጥያቄ ሦስት (ከአዳማ)

የመለዋወጫ ዕቃ መደብር አለኝ። የዕቃ መዝገቤን የሚይዘውን ፕሮግራም የሠራልኝ ልጅ ውጭ ሀገር ከሄደ ቆይቷል፤ ኮዱንም አልተወልኝም። ያለኝ በአሮጌ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ፕሮግራም ብቻ ነው። ወደ አዲስ ቋንቋ ሊቀየርልኝ ይችላል?

መልስ

ፕሮግራሙን ከተጫነው ፋይል ወደ ኮድ እንመልሳለን የሚሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ሆኖም የሚመልሱት ብዙ ጊዜ ስምና ማብራሪያ የሌለው፣ ለሰው የማይነበብ ነገር ስለሆነ ገንዘብዎን በዚያ ላይ አያውጡ። መዳን ያለበት መረጃዎ ነው፤ ፕሮግራሙ የተጫነበትን ፎልደር ከፍቶ የዕቃው ዝርዝር በምን ዓይነት ፋይል እንደተቀመጠ ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳዩ፤ የአክሰስ ወይም ፎክስፕሮ የተባለው የቆየ ዳታቤዝ ፋይል ሆኖ ከተገኘ ያለ ፕሮግራሙም ይነበባል።

ባለሙያው ዲስክ2ቪኤችዲ በተባለው ነጻ መሣሪያ የኮምፒውተሩን ሙሉ ዲስክ ወደ አንድ ፋይል ሊገለብጠውና በአዲስ ኮምፒውተር ላይ በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ሊያስነሣው ይችላል፤ የዊንዶውሱን ፈቃድ ነገር ግን አብራችሁ ተመልከቱት። በዚያ ውስጥ ያለው አሮጌ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ። ሥራዎ ሳይቋረጥ፣ እርስዎ በየቀኑ የሚከፍቷቸውን መስኮቶችና የሚያትሟቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ አዲሱን የሚጽፈው ሰው ከኮድ ይልቅ ከእነዚያ ይማራል። ግልባጩ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ የመንቋቋት ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ከሆነ ኮምፒውተሩን አሁኑኑ ያጥፉትና ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ አያስነሡት።